መጋረጃው ፍንጭ አልነበረም

ሻርጃ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዱኒያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። የድሬ ፀሐይ ይራራላችሁ፣ የደቻቱ ጎርፍ ደጃችሁን አይርገጥ፣ ከቤታችሁ ሳቅ አይጥፋ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ ሱቁም ደኅና ነው።

አባትሽና እናቴ የእህትማማች ልጆች ናቸው። ሰው ይህን ሩቅ ዝምድና ይለዋል፤ ለእኔ ግን እህቴ ነሽ፣ አባዮ። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ የምትለቂውን «ሩቅ ያለው ሰው» የተባለ ድራማ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ በኩራት እያየሁ ነው። ሊበን አረብ አገር ሆኖ ለእናቱ ሲደውል፣ እናቱም ፎቶውን ሳሎን ሰቅላ ለእንግዳ ስታሳይ፣ የራሴን እናት ያየሁ መሰለኝ። ሊበንን የሚጫወተው ተማም ባጃጅ ነጂ ነው ሲሉኝ አላመንኩም።

ቅር ያለኝ ምስሉ ነው። በስልክ የተቀረጸ መሆኑ ያስታውቃል፤ ፊታቸው ሁሉ ጠቁሯል። ስለዚህ ካሜራ ከነስታንዱ ገዝቼልሻለሁ። ነጋዴዋ ራሕማ ይዛው ትመጣለች። የዘመድ ስጦታ ነውና ምስጋና አያስፈልገውም። ብቻ ውጭ ያለን ሰዎች እንዳናፍር አድርጊ። እዚህ ተሰድዶ የሚሠራ ሰው ክብር አለው።

መልስ ስትሰጪኝ በወረቀት ጻፊልኝ፤ አትደውዪ። ሱቁ ውስጥ ሁካታ ስለሆነ ቁም ነገር አይነገርበትም። ራሕማም ወደ ሱቁ አትድከም፤ ትደውልልኝና እኔው መጥቼ እቀበላታለሁ። ይህንንም የምጽፍልሽ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። ጠረጴዛው በዕቃ ተሞልቷል።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከመጋላ ጥሩ ሐልዋ ላኪልኝ። እዚያው ሰባት ቦታ አስቆርጪና ለየብቻ ጠቅልይው። እናቴን፣ ሆዮን፣ ግንባሯን ሳሚልኝ። ልጅሽ ሱቁን ሊያሰፋ ነው በያት።

ወንድምሽ አብዲራሺድ


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቦዌ አብዲራሺድ፣

ወዓለይኩም ሰላም። የላክኸው እጅህ አይንጠፍ፣ ሥራህ ይባረክ፣ ጠላትህ እንደ ድሬ መብራት ብልጭ ብሎ ይጥፋ። ድሬ ላይ አንቱታ አላደግንበትምና «አንተ» ስልህ እንዳትቀየመኝ፤ አቦዌ፣ ታላቅ ወንድሜ መሆንህን አልረሳሁም።

ካሜራው ደርሷል። ምስጋና አያስፈልግም ብለሃል፤ እኔ ግን አመሰግናለሁ። ማመስገንን ማን ይከለክለኛል? ይዘነው መጀመሪያ የወረድነው ደቻቱ ነው። ደረቁን አሸዋ አረብ አገር አድርገን ቀረጽነው። ተማም ኮት ለብሶ ሲንጎራደድ አንዲት ፍየል መጥታ አብራው መንጎራደድ ጀመረች። በረሃው ፍየል የለውም ብለን አባረርናት እንጂ ከተማም የተሻለ ትሠራ ነበር።

አሁን ስለ ሥራዬ ላውራህ፤ አንተ ካልሰማኸኝ ማን ይሰማኛል? የድራማ ነገር ያለው ፍንጩ ላይ ነው። ፍንጭ ዘር ነው። ስትዘራው ማንም ልብ ማለት የለበትም፤ ሲበቅል ግን ሁሉም «እኔማ አይቼው ነበር» ማለት አለበት። የእኛ ሰው ደግሞ በዚህ በኩል አይቻልም። ካሜራ አንድ ብርጭቆ ላይ ትንሽ ከቆየ መርዝ አለበት ይላል። ሽማግሌ አንዴ ካሳለ ከፈን ያዘጋጅለታል። ሴት አንገቷ ላይ ያለውን ሐብል ከነካች ያ ሐብል ጠፍቶ በነበረ ልጅ አንገት ላይ ይገኛል ብሎ ይወራረዳል። ስለዚህ እኔ እውነተኛውን ፍንጭ ለመደበቅ ከሰው ዓይን ጋር ትግል ላይ ነኝ።

አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ ቀፊራ ገበያ መሃል ያለው ሻይ ቤት አዲሱን ክፍል በቴሌቪዥን ያሳያል። ኤዶ ፋዱማ፣ እናትህ፣ የፊት ወንበር የሷ ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም። አጠገቧ ካፊያ አለች፣ ቅመም ሻጯ። ባለፈው አርብ ካፊያ ብድግ ብላ ምን አለች መሰለህ?

«ይሄ ሊበን በደወለ ቁጥር ጀርባው ያ ሰማያዊ መጋረጃ ነው። ቢሮዬ ነው ይላል። መስኮት ከሆነ ለምን ነፋስ አያንቀሳቅሰውም? ለምን አንድ ቀን አይገለጥም? ወላሂ፣ ይሄ ልጅ ቢሮ የለውም! ከመጋረጃው ጀርባ የሆነ ነገር አለ!»

አቦ፣ ሻይ ቤቱ ተናወጠ። ግማሹ ሚስት ደብቋል አለ፣ ግማሹ እስር ቤት ነው አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሮ አፈጠጠ። እኔ ሻዬን ጠጣሁ። ከመጋረጃው ጀርባ ያለውን እኔ አውቃለሁ፤ ጊዜው ሲደርስ ሁሉም ያያል አልኳቸው። ለአንተም ከዚህ በላይ አልነግርህም። ካሜራ ብትልክም መጨረሻውን እንደ ማንም ሰው ጠብቀህ ታያለህ።

ሐልዋው እንዳልከው ሰባት ቦታ ተቆርጦ፣ ለየብቻ ተጠቅልሎ በራሕማ ተልኳል። ግንባሯንም ስሜልሃለሁ።

እህትህ ዱኒያ


ሻርጃ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዱኒያ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። ቶሎ ያልመለስኩት በቁጣ የተጻፈ ነገር ስለማይጠቅም ነው። አሁንም ግን አልበረደልኝም።

ስለ መጋረጃው ማን ነገረሽ? ሃሺ ነው? ሃሺ እዚህ ከእኔ ጋር ነበር፤ አምና ወደ ድሬ ሲመለስ ተጣልተን ነው የተለያየነው። ከጀርባው ያለውን አውቃለሁ ብለሽ ጽፈሽልኛል። ጊዜው ሲደርስ ሁሉም ያያል ብለሻል። እንዲህ ያለ ነገር ለዘመድ ይጻፋል? የሰውን ገመና አውጥቶ ለሻይ ቤት መሳቂያ ማድረግ ጥበብ ነው ያለሽ ማነው? ካሜራውን የሰጠሁሽ መልሰሽ እኔ ላይ እንድታዞሪው አልነበረም።

የምልሽን ስሚ። መጋረጃው ከዛሬ ጀምሮ ይነሳ። ሊበንም በመጨረሻው ክፍል በአውሮፕላን ይምጣ፤ ኤርፖርት ላይ መኪና ይጠብቀው፣ ለእናቱም ቤት ይሥራላት። ሰው ደስ ብሎት ይግባ። ይህን ካደረግሽ መብራትና ጥሩ ማይክ ልኬልሽ፣ ለተዋንያኑም የድካማቸውን እሰጣለሁ።

እናቴ ያንን ድራማ ታያለች፣ ዱኒያ። የፊት ወንበር የሷ ነው ብለሽ የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ። ይህን እያወቅሽ ነው?

አብዲራሺድ


ድሬዳዋ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቦዌ አብዲራሺድ፣

ወዓለይኩም ሰላም። አላህ ልብህን ያቀዝቅዝልህ፤ ካልቀዘቀዘም ደብዳቤዬን እስክትጨርስ ታገስ።

ማንም ምንም አልነገረኝም። ሃሺ በጀልዴሳ መንገድ ጭነት ያመላልሳል፤ ዓይኑን ካየሁት ቆየሁ። ደግሞስ ምን እንዲነግረኝ ነበር? ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት፤ አልገባኝም። እኔ የጻፍኩት ስለ ሊበን ነው። ሊበን ተማም ነው፣ ተማም ደግሞ ባጃጅ ነጂ ነው። ገመናው ቢወጣ የሚወጣው ያልከፈለው የትራፊክ ቅጣት ነው።

ለሰው የማልናገረውን ላንተ ልንገርህ፤ ቁጣህን ካበረደልህ። እውነተኛው ፍንጭ መጋረጃው አይደለም፣ ጫማው ነው። ሊበን ለእናቱ በሚልካቸው ፎቶዎች ሁሉ ልብሱ ይቀያየራል፣ ከጎኑ ያለው መኪና ይቀያየራል፣ ጫማው ግን ያው ነው። ያውም የቀኝ ተረከዙ ባንድ በኩል የተበላ። ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ግልጽ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። መኪና ያለው ሰው ተረከዙ እንደዚያ አይበላም፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ነው እንደዚያ የሚሆነው። ነፍስ ያለው ሰው አላየውም! ሁሉም ተሰብስቦ መጋረጃ ላይ አፍጥጧል። እኔ የዘራሁት ሌላ፣ እነሱ የሚያጭዱት ሌላ። አንዳንዴ ሌሊቱን ሙሉ ከመጻፍ ተቀምጬ ቅመም ብሸጥ ይሻለኝ ነበር እላለሁ።

መጨረሻው ግን አይቀየርም። የጻፍኩት ከመጀመሪያው በፊት ነው። ሊበን ባዶ እጁን ይመጣል፣ እናቱም በሩን ትከፍትለታለች። ይኸው ነው። አንድ ሰው አይደለም ያሰብኩት፤ በዚህ ከተማ በየሰፈሩ ፎቶው ተሰቅሎ እሱ የጠፋ ልጅ አለ። ሊበንን በመኪና ካመጣሁት ያን ሁሉ ጫማ ለምን አሳየሁ? የዘራሁትን ስንዴ ሰው ደስ እንዲለው ብዬ በቆሎ ነው ልበል?

ማይኩንም መብራቱንም አልፈልግም። ድምፁ አይሰማም ብለው ይሳቁብኝ፤ ዋሸችን ብለው ግን አይስቁብኝም። መጋረጃውንም አላነሳም። ለምን ብትለኝ የሙያ ምስጢር ነው።

አክባሪህ ዱኒያ


ሻርጃ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዱኒያ፣

ረመዳን ለቤተሰቡ ሁሉ የተባረከ ይሁን።

ወይ መጨረሻውን ቀይሪ፣ ወይ ካሜራዬን መልሺ። ራሕማ ከዒድ በፊት ትመጣለች፤ ለሷ ስጫት። ለሆዮ የጾም መያዣዋን ልኬላታለሁ። ለድራማው ከእንግዲህ ከእኔ ምንም አትጠብቂ። ሆዮም ያንን ነገር ማየት ትተው፤ ዓይንሽን ያምሻል በያት።

ስለ ጫማ የጻፍሽውን አነበብኩ። ስለ ሌላው ሰው ጫማ ብዙ የምታውቂ ሰው የራስሽ እግር እንዳይሰናከል ተጠንቀቂ።

አብዲራሺድ


ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቦዌ አብዲራሺድ፣

ሰላም ካንተ ጋር ይሁን፤ የጾምከው ይቆጠርልህ፣ ዒድህም ያለ ቅያሜ ያለፈ ይሁን። ይህን ከልቤ ነው የምልህ፤ ከዚህ በታች ያለውንም ከልቤ ነው።

ካሜራህ በራሕማ እጅ ተመልሷል፤ ስታንዱም ቻርጀሩም አለ። አንተ ግን «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» የሚለውን ረስተኸዋል። እኛ በተማም ስልክ ጨረስነው። ፊታቸው እንደገና ጠቆረ። ይጥቆር! የሊበን እናት ስታለቅስ ጥቁርም ቢሆን ታለቅሳለች።

የሙያ ምስጢር ያልኩህን አሁን ልንገርህ። ምስጢሩ ድህነት ነው። አንድ መጋረጃ ብቻ ነው ያለን። የምንቀርጽበት ክፍል ግድግዳው ተላጦ ስለነበር ከኤዶ ፋዱማ መኝታ ቤት ተውሰን ሸፈንንበት። አምና ለዒድ የላክህላት ያ ባለ ነጭ አበባው ሰማያዊ ነው። ነፋስ የማያንቀሳቅሰው ጀርባው ግድግዳ ስለሆነ ነው። የማይገለጠውም ቢገለጥ የሚታየው የተቦደሰ ቡሎኬት ስለሆነ ነው። ይህን ለካፊያ ከምነግራት ብሞት ይሻለኛል ብዬ፣ ያወቀች መስዬ ሻዬን ጠጣሁ። ላንተም በዚያው ኩራቴ ጻፍኩልህ። ፍንጭ አልነበረም፤ መሸፈኛ ነበር።

ቀረጻው ሲያልቅ መጋረጃውን አጥቤ ልመልስላት ሄድኩ። ኤዶ ፋዱማ ሶላት ላይ ነበረች። ሳሎን ቆሜ ስጠብቃት ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶህን አየሁ፤ «ቢሮዬ» ብለህ የላክኸውን። ሁልጊዜ የማየው ፎቶ ነው። ጀርባህ መጋረጃ አለ። ሰማያዊ ነው፣ ነጭ አበባ አለው። አንዱ እጄ ላይ፣ አንዱ ፎቶው ላይ። ከአንድ ጣቃ የተቀደዱ ናቸው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ። ያኔ ነው ቁጣህ የገባኝ።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤዎችህን አውጥቼ እንደ ድራማ አነበብኳቸው። ለእናቱ ብቻዬን በቪላ እኖራለሁ ያለ ሰው ሐልዋ ለምን ሰባት ቦታ ያስቆርጣል? ባለ ሱቅ ሰው ለምን ጉልበቱ ላይ ይጽፋል? ለምን አትደውዪ ይላል? ሌሎች የሚሰሙት ክፍል ውስጥ ካልሆነ በቀር። ሃሺ «ከእኔ ጋር ነበር» አልክ፤ የት ከአንተ ጋር? ሁሉንም ገና ከመጀመሪያው ዘርተኸው ነበር፤ እኔ ፍንጭ አዋቂዋ ሳነበው ስለ ካሜራው ደስታ ብቻ ነበር የማስበው። ሌላውን ሰው ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ስታዘብ፣ ለካ ዋናው ተመልካች እኔው ሆኜ ጫማውን ሳላየው ቀርቻለሁ።

ተናደድኩ፣ አብዲ። የተናደድኩት ግን ሀብት ስላጣህ አይደለም። ከመጋረጃ ጀርባ አልጋ ላይ ተቀምጠህ ካሜራ ስለገዛህልኝ ተናደድኩ። ከዚያም በላይ የተናደድኩት፣ እኛን የምናፍርብህ አድርገህ ስለቆጠርከን ነው። ማን ነው ያፈረብህ? ስም ጥራ! ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ወደፊትም አልልም። ግን ደግሞ ያላንተ ፈቃድ መጨረሻዬን አየር ላይ አዋልኩት።

ከዒድ በኋላ ባለው አርብ ነው። ቀፊራ ሻይ ቤት መቆሚያ አልነበረም። ሊበን ደቻቱ ድልድይ ጋ ከጭነት መኪና ይወርዳል። እጁ ላይ አንድ ፌስታል ነው ያለው። ካሜራው፣ ይቅርታ፣ የተማም ስልክ፣ ከእግሩ ጀምሮ ይከተለዋል። ያው ጫማ፣ ያው የተበላ ተረከዝ። ይህን ጊዜ ካፊያ ጮኸች፤ «ጫማው! ጫማው! ወላሂ እኔ ከመጀመሪያው አይቼው ነበር!» ውሸታም! ግን እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርህ አልችልም።

ሁሉም አልወደደውም። አንድ ሰውዬ ተነስቶ «ይሄን ያህል ያስጠበቅሽን ፌስታል ልታሳዪን ነው? መኪናው የታለ?» ብሎ ጮኸብኝ። መኪናው የለም አልኩት። ድሮም አልነበረም፤ ፎቶው ላይ ቁልፉ እጁ ላይ ኖሮ ያውቃል? ሂድና እንደገና እየው አልኩት። ወረያ፣ ይቺ ልጅ ምላሷ! እያለ ወጣ። ሂሳቡን ሳይከፍል ነው የወጣው፤ ሻይ ቤቱ እኔን አስከፈለኝ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ዓይንሽን ያምሻል በያት ያልከኝን አልነገርኳትም። እናትህ የፊት ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው አይታለች። አላለቀሰችም። በተማም ባጃጅ ወደ ቤት ስመልሳት፣ ዱኒያ፣ አለችኝ።

«አቤት፣ ኤዶ።»

«እኔ ቀፊራ ላይ ስነግድ ነው ያረጀሁት። የማያማርር ነጋዴ አይቼ አላውቅም። የተሳካለትም ያማርራል፤ እንዲያውም የተሳካለት ይብሳል። ኪራይ በዛ ይላል፣ ዕቃ ቀረብኝ ይላል፣ ሰው ካደኝ ይላል። ልጄ ግን ሱቁን አንድ ቀን እንኳ አማርሮ አያውቅም። ሁልጊዜ ‹ደኅና ነው› ነው። ደኅና የሆነ ሱቅ የት አለ?»

ተማም እንኳን ባጃጁን ቀስ አድርጎ ነበር የሚነዳው።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?» አልኳት።

«እሱ ደስ ብሎት ይዋሻል፣ እኔም ደስ ብሎኝ እሰማለሁ፤ ማን ተጎዳ አልኩ። አሁን ግን ሰለቸኝ። ሱቁን ከምሰማ እሱን ብሰማ ይሻለኛል። ሐልዋውን ሰባት ቦታ ያስቆርጣል አላልሽኝም? አልሐምዱሊላህ በያ። ልጄ ብቻውን አይደለም፤ ብቻውንም አይበላም። ይህን እኔ ነኝ ያስተማርኩት።»

ከባጃጁ ስትወርድ በሩን እያሳየችኝ፣ ያው በር ነው በይው አለች። ይኸው አልኩህ።

መጨረሻዬን አልቀየርኩም፤ ይቅርታም አልጠይቅህም። ስለ መጋረጃው ያወቅሁ መስዬ ስላስደነገጥኩህ ብቻ ከልቤ አዝናለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የድሬ ንጋት ደግሞ ቶሎ ነው የሚሞቀው። መጋረጃህን ትዘጋው እንደሁ ዝጋው። እኛ ግን ከዚህ ወዲያ ቢሮ ነው ብለን አናየውም።

እህትህ ዱኒያ


ሻርጃ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዱኒያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ። እናንተን ያቆየልኝ አላህ ይመስገን። የሆዮን በር ዝገት አይብላው፣ አንኳኪም አይታጣበት።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ሰነበትኩ። እንደማልመልስልሽ ምዬ ነበር። ካሜራውንም ከራሕማ ተቀብዬ አልጋዬ ሥር ከተትኩት። ከዚያ ምን እንደምጽፍ ሳላውቅ የዚህ አገር በጋ ከነሙቀቱ ገባ። እዚህ በበጋ ሰው ከራሱ ጋር እንኳ መጣላት አይችልም፤ ላብ ብቻ ነው።

ሱቅ የለኝም። መጋዘን ውስጥ ካርቶን አወርዳለሁ፣ ካርቶን እጭናለሁ። ይህን አንዴ ከጻፍኩት ወዲያ የቀረው ቀላል ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሰባት ነን። አልጋው ፎቅና ምድር ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ መጋረጃ ይሰቅላል። ከዚያ ጣቃ የተረፈውን ነው ለሆዮ የላክሁላት፤ ጨርቁ ያማረ ስለነበር ነው። ሃሺ የላይኛው አልጋ ላይ ነበር፤ የተጣላነው በካልሲ ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽና ሳቂ። ከእኛ መሃል አንድ የባንግላዴሽ ሰው አለ። አማርኛ አንድ ቃል አይሰማም። ድራማሽን አብሮኝ ያይ ነበር፤ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ በእጁ ወደ ተማም እግር እየጠቆመ «አንድ ጫማ፣ አንድ ጫማ» በአረብኛ ይለኛል። ዝም በል፣ ወሬ እያመለጠኝ ነው እለው ነበር። ቃሉን ስለማይሰማ ዓይኑ ሥራ አልፈታም። ዘርሽን ያየው እሱ ብቻ ነው፤ ካፊያ አትዋሽ።

የመጨረሻውን ክፍል ሰባታችንም አንድ ስልክ ላይ ተደፍተን አየነው። ሊበን ከጭነት መኪናው ሲወርድ ያ ባንግላዴሻዊ እጄን ያዘኝ። እኔም አለቀስኩ። በልጅነቴም እንደዚያ አላለቀስኩም። አንቺን ረገምኩሽ፣ ከዚያም መረቅሁሽ፤ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ነው።

ሆዮ ስለ ነጋዴ ያለችውን ለሁሉም አስተረጎምኩላቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እዚህ ለቤተሰቡ ሱቅ አለኝ ያላለ የለም ለካ። አንዱማ ሬስቶራንት አለኝ ብሏል። ሁሉም ዛሬ ማማረር ጀምሯል።

ካሜራውን በራሕማ እጅ መልሼልሻለሁ። ስትከፍቺው ውስጡ ያለውን እዪው። መጋረጃዎቹን ሁሉ ገልጠን ቀርጸናል፤ አልጋዎቹን፣ ምጣዱን፣ የተሰቀለውን ልብስ፣ ሰባታችንንም አንድ በአንድ። የጫማችንን ረድፍ በር ጋ ታገኚዋለሽ፤ የእኔ የትኛው እንደሆነ ሳልነግርሽ ታውቂዋለሽ። አላፍርበትም። ለሥራሽ ከፈለግሽው ውሰጂው፤ ካልፈለግሽው ለሆዮ አሳዪያት። ሻይ ቤት ማሳየት ከፈለግሽም አሳዪ፤ ያ መኪናው የታለ ያለውን ሰውዬ ጠርተሽ ፊት አስቀምጪው።

መጨረሻሽን ግን አሁንም ሙሉ በሙሉ አልወደድኩትም፤ ይህን አልደብቅሽም። እኔ ስመጣ በጭነት መኪና አልመጣም። ከአዲስ አበባ በባቡር ነው የምገባው፤ ፌስታሌንም በኩራት ነው የማንጠለጥለው። ያን ቀን ስልክም ሆነ ካሜራ ይዘሽ ጣቢያ ብትጠብቂኝ እንጣላለን።

ኪራይ ጨምረውብናል። ምግብ ተወዷል። የመጋዘኑ አለቃ ሰው አይደለም። ይህን ለሆዮ ቃል በቃል ንገሪያት።

ሐልዋም ላኪልኝ። ዘንድሮ ግን አታስቆርጪው። ሙሉውን ላኪው፤ እኛ እንቆርጠዋለን።

ወንድምሽ አብዲራሺድ